የጨረታ ዋጋንና የሰው ስዕልን ነጻ ዌብሳይት ላይ ማስቀመጥ እስከ ምን ድረስ ያስተማምናል?

ሰርቬየሯ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ መልሱ ስለማይጠቅመኝ ታገሱኝ።

ገርጂ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግንባታ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነን። ጨረታ ሲመጣ ልኬት የማወጣው፣ ነጠላ ዋጋ የምተነትነው፣ ከንዑስ ተቋራጮች ዋጋ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሁሉም ነገራችን ያለው ነጻ ዌብሳይቶች ላይ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ በነጻ የፕሮጀክት ሰሌዳ እንከታተላለን፣ የዋጋ ትንተናው ኦንላይን ሠንጠረዥ ላይ ነው፣ ስዕሎቹ ነጻ ማከማቻ ውስጥ ናቸው። ተቀምጦ አስቦ የመረጠው ሰው የለም። በኮሮና ጊዜ ከቤት ስንሠራ አንድ የቢሮ ልጅ በራሱ ኢሜይል ከፈተልን፣ ተመቸን፣ እዚያው ቀረን። ልጁ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዱከም ያለ አንድ ፋብሪካ ለመጋዘን ማስፋፊያ ዋጋ እንድናቀርብ ጋበዘን። ስዕሉን ከመስጠታቸው በፊት የሚስጥር ጥበቃ ስምምነት አስፈረሙን። ሥራ አስኪያጃችን ፈርሞ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠኝ። ሰነዱን ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍም ሆነ ሌላ ዘንድ ማስቀመጥ እንደማይቻል በግልጽ ተጽፏል።

ስዕሉ የመጣው በፒዲኤፍ ብቻ ነው። ልኬት ለማውጣት ካድ ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር የስዕል ፕሮግራም ላይ፣ ቢሆን በጣም ይቀላል። አብሮኝ የሚሠራው ጀማሪ መሐንዲስ ጎግል ላይ ፈልጎ ያገኘው ነጻ ዌብሳይት ላይ ጫነውና በአምስት ደቂቃ ወደ ካድ ተቀይሮ መጣለት። ደስ ብሎት አሳየኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ የሁለት ቀን ሥራ ነበር የቀረልን። ማታ ልተኛ ስል ነው ያ አንቀጽ ትዝ ያለኝ። ተነሥቼ ዌብሳይቱን ከፈትኩት። የድርጅት ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ የየት አገር እንደሆነ አይናገርም። ከታች «ፋይልዎ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠፋል» የሚል አንድ መስመር አለ። ስዕሉ ላይ ደግሞ የማሽኖቹ አቀማመጥ፣ የኤሌክትሪክ ጭነቱ፣ የጥበቃ ካሜራዎቹ ቦታ ሳይቀር አለ።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «እኛ ማን ስለሆንን ነው? ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር የዱከም መጋዘን ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደመወዛችንን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ከፍለን እንጠቀም ብንልም በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም።

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ጨረታ ስናስገባ የቴክኒኩንና የፋይናንሱን ፖስታ ለየብቻ በሰም አሽገን፣ ማኅተም መትተን ነው የምናስገባው። እዚያ ፖስታ ውስጥ ያለው ዋጋ ግን ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ሊከፍተው በሚችል ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። የአርማታው ነጠላ ዋጋ፣ የፌሮው፣ ትርፍ ብለን የያዝነው መቶኛ፣ የአሉሚኒየም ሠሪው የሰጠን ዋጋ፣ ሁሉም።

እንግዲህ እነዚህን ነጻ ነገሮች እስከ ምን ድረስ ማመን ይቻላል? የስዕሉን ነገርስ ለባለቤቱ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

የባንክ አይቲ መለሰ፦

እህቴ፣ ባንክ ውስጥ የመረጃ ደኅንነት ክፍል ነው የምሠራው። ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ ልለያቸው።

ስም ያላቸው ትልልቅ የሰሌዳና የማከማቻ አገልግሎቶች አንድ ነገር ናቸው። ማን እንደሆኑ ይታወቃል፣ የሚከሰሱበት አገር አለ፣ የሚያጡት ስም አላቸው። እዚያ የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከተጠቃሚው እጅ የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ትሬሎ በሚባለው የፕሮጀክት ሰሌዳ አገልግሎት ላይ ያሉ ብዙ ሰሌዳዎች በጎግል ፍለጋ ሲገኙ፣ የመሥሪያ ቤቶች የይለፍ ቃል ሳይቀር ሲነበብ፣ ሰርቨሩን የሰበረ ሰው አልነበረም። ሰሌዳው ሲከፈት የግል ነው፤ ለሁሉም ክፍት ያደረጉት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። የአንቺ ሠንጠረዥም ያው ነው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን «የተፈቀደላቸው ብቻ» ወደሚለው ዛሬውኑ ቀይሪው፣ ከዚያ የተፈቀደላቸውን ስም አንድ በአንድ እዪ።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀው ልጅ ነው። ሰሌዳው በእሱ ኢሜይል ከተከፈተ ባለቤቱ እሱ ነው። እናንተ እንግዶች ናችሁ። ቢፈልግ ያነበዋል፣ ቢፈልግ ይሰርዘዋል፤ እሱ ምንም ክፋት ባያስብ እንኳ የእሱን ኢሜይል የሰበረ ሰው የእናንተን ዋጋ ያገኛል። ጎግል ደግሞ ለሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ደንብ አውጥቶ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሰረዝ ጀምሯል። ደውዪለትና ባለቤትነቱን በቢሮው ስም ወደተከፈተ ኢሜይል ያዙርላችሁ። ያንን አዲሱን ኢሜይል በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፉት።

ፋይል የሚቀይረው ዌብሳይት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚታመን ሰው የለም፣ ምክንያቱም ሰው የለም። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የፌደራል ምርመራ ቢሮ የኤፍቢአይ የዴንቨር ቅርንጫፍ ስለ ነጻ የፋይል መቀየሪያዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንዳንዶቹ ፋይሉን በትክክል ቀይረው ይመልሳሉ፣ ከእሱ ጋር ግን ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ይጭናሉ፤ ከተጫነው ፋይል ውስጥም የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ ይለቅማሉ። ስለዚህ ስዕሉ ወጣ አልወጣም ከማለትሽ በፊት ያ የካድ ፋይል የተከፈተበት ኮምፒውተር ይመርመር። እስኪመረመር ከቢሮው ኔትወርክ ይውጣ፣ የባንክ አካውንታችሁም በእሱ አይከፈት።

«ማን ያየዋል» ለሚለው የሥራ አስኪያጅሽ ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤንአርኬ እንደዘገበው፣ የነዳጁ ኩባንያ የስታትኦይል ሠራተኞች ደብዳቤና ውል ትራንስሌት ዶት ኮም በሚባል ነጻ ዌብሳይት ላይ ይተረጉሙ ነበር። የተተረጎመው ጽሑፍ ተቀምጦ በጎግል ፍለጋ ሲገኝ ተደረሰበት፤ የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ ውል፣ የይለፍ ቃል። ሠራተኞቹን ዒላማ ያደረገ ሰው አልነበረም። ፍለጋ መሣሪያው ራሱ ነው ያወጣው። የዱከሙን መጋዘን የሚፈልግ ሰው ባይኖርም የፋብሪካውን ስም ጎግል ላይ የሚጽፍ ሰው ግን በየቀኑ አለ።

ቴሌግራምን ያልጠቀስሽው ረስተሽው ነው ብዬ እገምታለሁ። በየቢሮው ቢኦኪው፣ ማለትም የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ፣ የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የግሩፕ መልእክት ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም በግሩፕ አይሠራም። የለቀቁ ሰዎች እዚያ ግሩፕ ውስጥ ስንት እንደሆኑ ቁጠሪያቸው።

የቀን ሠራተኞች መታወቂያ ኮፒና የደመወዝ ዝርዝርም እዚያው ማከማቻ ውስጥ ካለ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይመለከታችኋል። የዋጋ ሚስጥራችሁን አይጠብቅላችሁም፤ የሰዎቹን መረጃ ግን እንድትጠብቁ ያስገድዳችኋል።

ሳይት ላይ ከ85 ጀምሮ መለሱ፦

ልጄ፣ የኮምፒውተሩን ነገር ወንድምሽ በደንብ አስረድቶሻል። እኔ ስለ ሌላው ልናገር።

አራት ዓመት ይሆናል። እኔም ቢሮ ዋጋ የምንሠራው ኦንላይን በሆነ ነጻ ሠንጠረዥ ነበር። ጨረታው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እኛ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አሁንም ዋጋ እያስተካከልን ነው። ቢሮ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። ከላይ በኩል ሠንጠረዡን ከፍተው የሚያዩ ሰዎች ምልክት ይታያል አይደል? አራት ነበሩ። አራተኛው ስም የለውም። ልጆቹን «ማነው ይሄ?» ብል ሁሉም ተያዩ። ወዲያው ጠፋ። ያን ጨረታ በትንሽ ልዩነት ተሸነፍኩ። ማንንም አልከሰስኩም፣ የምይዘው ማስረጃም የለኝም፣ ምናልባት ከልጆቼ አንዱ ቤቱ በስልኩ ከፍቶት የተወው ይሆናል። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ አብሮኝ የኖረውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ፎርማን በዚያ ምክንያት ሄደ። ገንዘቡ ተመልሷል፤ እሱ አልተመለሰም።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ። ዋጋሽ የራስሽ ቤት ነው፤ ቢታይ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ። ስዕሉ ግን የሰው ነው፣ አደራ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። «ይታመናል አይታመንም» የሚለውን ጥያቄ ለራስሽ ዕቃ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በሰው ዕቃ ላይ ግን የማመን ሥልጣኑ የባለቤቱ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። ስለዚህ ንገሪው። ቶሎ ንገሪው፣ በጽሑፍ ንገሪው፣ የሆነውን ብቻ ንገሪው። ጀማሪውን ልጅ ስሙን ጠርተሽ ፊት አታውጪው፤ ቢሮው ነው የፈረመው፣ ቢሮው ይናገር።

አንድ ሌላ ሰው ረስተሻል። የአሉሚኒየም ሠሪው የሰጠሽ ዋጋም አደራ ነው። እሱ ምንም ወረቀት አላስፈረመሽም፣ አምኖሽ ነው። ለሌላ ተቋራጭ ሌላ ዋጋ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቢታይ የሚጣላው ከደንበኛው ጋር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ መለሰ፦

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ወንድሜ አዲስ አበባ የዲዛይን ቢሮ አለው፤ የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር በየወሩ በእኔ ካርድ እከፍልለታለሁ። «ነጻውን ትተን እንክፈል፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልልናል» ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ባንኬ ካርዴን ቀየረብኝ። እኔ ረሳሁት፣ ክፍያው ሳይሄድ ቀረ፣ አካውንቱ ተቆለፈ። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል የሚመጣው ለእኔ ነው፣ እኔ ደግሞ በሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ሥራ በሚያስረክብበት ሳምንት ሁለት ቀን የራሱን ፋይል ሳያገኝ ቆየ። ከፈልን ማለት ባለቤት ሆንን ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. የትሬሎ ባለቤት የሆነው አትላሲያን በራሱ ጥገና ስህተት ወደ 775 የሚጠጉ ደንበኞቹን ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል፤ አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ሳምንት ጠብቀዋል። ነጻውም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ኤቨርኖት የሚባለው የማስታወሻ መያዣ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነጻ ተጠቃሚዎቹን 50 ማስታወሻ ላይ ገድቧቸዋል።

አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ደግሞ የ2012 ዓ.ም.ን ሰኔ አትርሱ። ኢንተርኔቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ወንድሜ ራሱ የሳለውን ስዕል ማየት አልቻለም። ሁሉም ፋይል እዚህ እኔ ሰፈር አጠገብ ያለ ሰርቨር ላይ ነበር፣ እሱ ግን ቦሌ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኔክስትክላውድ የሚባል የራስ ማከማቻ የሚሠራ ፕሮግራም ጫንለት፤ ነጻ ነው፣ ፋይሉ ከቢሮው አይወጣም፣ መብራት ሲጠፋ ከሚያቆየው ባትሪ (ዩፒኤስ) ጋር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለመጫን አንድ የሚያውቅ ልጅ ሁለት ቀን በቂው ነው። ከባዱ መጠባበቂያ ቅጂ መያዙ ነው፤ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ሰው ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ገልብጦ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

የፒዲኤፉ ነገር ግን ልብ የሚያሳዝን ነው፣ ምክንያቱም ዌብሳይቱ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም ነበር። አውቶካድ ከ2017ቱ ዕትም ጀምሮ ፒዲኤፍ ራሱ ያስገባል፤ «ፒዲኤፍ ኢምፖርት» የሚል ትእዛዝ አለው። አውቶካድ ከሌላችሁ ኢንክስኬፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፒዲኤፉን ከፍቶ የካድ ፕሮግራም በሚከፍተው በዲኤክስኤፍ ዓይነት ያስቀምጥላችኋል፤ ሚዛኑን ከአንድ የታወቀ ልኬት ጋር አስተያይታችሁ ማስተካከል ይኖርባችኋል። ስካን የተደረገ ከሆነ ብቻ ነው የማይሠራው። ፒዲኤፍ ለመቁረጥና ለመቀጠል ፒዲኤፍሳም አለ። እነዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፣ ግን ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ፋይሉ የትም አይሄድም። ሰዎች «ነጻ» ሲባል ሁሉንም አንድ ላይ ይጠረጥራሉ። እኔ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ፋይሉ የት እንደሚሄድ ነው።

ኢሜይል ላይ ማያያዝ ግድ ከሆነ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ ላኩ፤ «የፋይል ስሞችንም ሰውር» የሚለውን ምረጡ፣ ካልሆነ የስዕሎቹ ስም ይታያል። የይለፍ ቃሉን በዚያው ኢሜይል አትጻፉ፤ ደውላችሁ ንገሩ።

ቴክኒካል ፕሮፖዛል እንግሊዝኛውን ለማስተካከል ቻትጂፒቲ ላይ የምትለጥፉ ካላችሁም ነገሩ ያው ነው። ሳምሰንግ በ2023 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ የሚስጥር ኮድ እዚያ ላይ እንደለጠፉ ሲደርስበት ከልክሏል። በነጻው አካውንት የምትጽፉት ነገር ሞዴሉን ለማሰልጠን ሊውል ይችላል፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ካላጠፋችሁት በቀር። የደንበኛውን ስምና ዋጋውን አውጥታችሁ አንቀጹን ብቻ ብትለጥፉ ምን ይጎድላችኋል?

ሰርቬየሯ መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአሥር ቀን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮምፒውተሩ ተመረመረ፤ የተገኘ ነገር የለም፣ ቢሆንም ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጫነ። አውቶካዱ ላይ ያ ትእዛዝ እውነትም አለ፤ ስድስት ዓመት ስጠቀምበት አላውቀውም ነበር። ጀማሪው ልጅ አሁን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል።

የለቀቀውን ልጅ ደወልኩለት። አንድም ነገር ሳይጠይቅ በዚያው ማታ ባለቤትነቱን አዞረልን። ሰሌዳው ላይ ከእሱ ሌላ ሦስት የለቀቁ ሰዎች አገኘሁ፣ ከሦስቱ አንዷ አሁን የምትሠራው ከእኛ ጋር በሚወዳደር ቢሮ ነው። ከፍታ አይታ እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትምም። ጋሼ የነገሩን የፎርማኑ ነገር ስላለ ዝም ብዬ ስሟን አወጣሁ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ አቆየው። በሦስተኛው ቀን የእርስዎን መልስ፣ ጋሼ፣ ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። «ቢሮው ነው የፈረመው፣ ቢሮው ይናገር» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን ጠየቀኝ። የፋብሪካው መሐንዲስ በማግስቱ ደወለ። አልተቆጣም፣ አላመሰገነምም። የዌብሳይቱን ስም፣ የተጫነበትን ቀንና ሰዓት፣ የትኞቹ ገጾች እንደሆኑ ጠየቀ። ከዚያ «የካድ ፋይሉን ብትጠይቁን እንሰጣችሁ ነበርኮ» አለኝ። ጨረታው ውስጥ እንቆይ አንቆይ የእነሱ አመራር እየተነጋገረበት ነው። የካሜራዎቹን ቦታ ግን እንደሚቀይሩ ነግሮኛል።

ከሁሉም የከበደኝ አሉሚኒየም ሠሪው ነው። መርካቶ ሱቁ ድረስ ሄጄ ዋጋው ሁለት ሳምንት ክፍት ሠንጠረዥ ላይ እንደነበር ነገርኩት። «ማን አየው?» አለኝ። የምንጠቀምበት ነጻው አገልግሎት ማን መቼ እንደከፈተው መዝገብ አይዝልንም። አላውቅም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና የያዘውን ፕሮፋይል መቁረጥ ቀጠለ። ትናንት ከሰዓት አዲስ ዋጋ ላከልኝ፤ በልጁ እጅ፣ በታሸገ ፖስታ።